ድምፀ ተአቅቦ

ለእኛ እጁን አላነሳም።

ይህን ስጽፍ አሁንም ጣቴ ይቀዘቅዛል። ከላይ፣ ከምክር ቤቱ አዳራሽ የእንግዶች ሰገነት ላይ፣ ከስዕል ቤታችን ሠዓሊዎች ጋር ተጠጋግቼ ተቀምጬ ነበር። ሰብሳቢው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀል አድርጎ፣ «የስዕል ቤቱ ፈርሶ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሁን የምትሉ» ሲል ሠላሳ ሦስት እጅ ተነሳ። «ይቆይ የምትሉ» ሲልም ሠላሳ ሦስት። በሦስተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ሰው ግን ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አነባብሮ ዝም አለ።

«ድምፀ ተአቅቦ?» አለ ሰብሳቢው፣ ለወጉ ያህል።

ያኔ ቀኝ እጁ ቀስ ብሎ ወጣ። በአዳራሹ ውስጥ ያ አንድ እጅ ብቻ ነበር።

የምክር ቤቱ ደንብ ድምፅ እኩል ሲሆን ሰብሳቢው ያለበት ወገን ይረታል ይላል፤ ሰብሳቢው ደግሞ «ይፍረስ» ካሉት ጋር ነበር። እንግዲህ የእሱ አንድ እጅ ጎድሎ ቤታችን ፈረሰ ማለት ነው። አጠገቤ የነበረች ሠዓሊ «ባለግድግዳው ነው? እውነት እሱ ነው?» እያለች ክንዴን ስትጨምቀኝ፣ እሱ ቀና ብሎ ወደ ሰገነቱ አየ። ከመቶ ሰው መሃል እኔን ነበር የፈለገው፤ አገኘኝም። ዓይኑ ውስጥ ያለውን ልመና እፍረት ነው ብዬ ተረጎምኩት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? የእኔ ልብ ያን ቀን ታውሮ ነበር።

*

ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በጽሑፍ «እሱ» እያልኩ የምደፍረው አሁን ነው፤ ያኔ ፊት ለፊት «እርስዎ»፣ ሲብስብኝም «የተከበሩ» ነበር የምለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የክልሉ ምክር ቤት አባል ነበር። አባቱ ዳኛ፣ አያቱ ዳኛ፤ ከዘር ማንዘሩ ፍርድ ሲሰጥ የኖረ ቤተሰብ ነው። ተመርጦ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ያቀረበው ሐሳብ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰው፤ እያንዳንዱ የመንግሥት ቤት፣ ጤና ጣቢያውም አውቶቡስ ተራውም ሳይቀር፣ አንድ ግድግዳ በሕይወት ላለ ሠዓሊ ይተው አለ። አንዱ አባል ተነስቶ «ጣሪያችን ያፈሳል፣ ሰውየው ስለ ግድግዳ ያወራል» ብሎ ቀለደበት። እሱም «ጣሪያው እስኪጠገን ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ነገር ይፈልጋል» አለ። ሐሳቡ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ በሦስተኛው አለፈ። ከዚያ ወዲህ ስሙን የሚጠራው ሰው የለም፤ ባለግድግዳው ነው።

በሁለተኛው ምርጫ ደግሞ ባዶ የቀረ የእህል መጋዘን አስፈቅዶ የእኛ ስዕል ቤት አደረገው። ላይኛው ፎቅ ላይ አሥራ አራት ክፍል ለአሥራ አራት ሠዓሊ ተሰጠ። ምድር ቤቱ የእኔ፣ የፍሬም ሠሪዋ ነበር። ምላሴ ስለማይመለስ የቤቱ ሰዎች «እሜቴ መጋዝ» ይሉኛል። መጋዙን ያስያዘኝ አባቴ ነው፤ እሱ የሬሳ ሣጥን አናጢ ነበር። በልጅነቴ ሰፈሩ ውስጥ ከእኛ ቤት ወንበር የሚገዛ ሰው አልነበረም፤ የሣጥኑ መጥፎ ዕድል ይከተለናል ይሉ ነበር።

ባለግድግዳውን በቅርብ ያወቅኩት በጠብ ነው። አንድ ቀን የሠራሁለት ፍሬም ተንጋዷል ብሎ መጣ። ውሃ ልኬን ይዤ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ለካሁ።

«የተከበሩ» አልኩት፣ «ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው። ጠማማው ግድግዳዎ ነው።»

ለአፍታ አፈጠጠብኝ፤ ከዚያ የሳቀው ሳቅ ደረጃው ላይ ድረስ ተሰማ። «አሥራ አምስት ዓመት ስለ ግድግዳ ስለፈልፍ የራሴ መጣመሙን የነገረኝ አልነበረም» አለኝ። ሚስቱ ከሞተች ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። በዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ያወቅኩት፣ ታላቅ እህቱ ከጓዳ ብቅ ብለው በድንጋጤ ሲያዩን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከምክር ቤት ስብሰባ በኋላ ይመጣ ጀመር። ኮቱን አውልቆ ሚስማር ላይ ይሰቅልና ረጅሙን እንጨት ከወዲያ ጫፍ ይይዝልኛል፤ እኔ እቆርጣለሁ። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ስለ ፍቅር አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። እሱ ያን ቀን በምክር ቤት የሆነውን ይነግረኛል፣ እኔ የቱ አባል እንደዋሸ እነግረዋለሁ። ድምፅ ከመስጠት የሚሸሹ አባላትን አይወድም ነበር። «ድምፀ ተአቅቦ ማለት ኮትን ወንበር ላይ ሰቅሎ እንደ መሄድ ነው። ሰውየው ያለ ይመስላል፤ ግን የለም» ይል ነበር። እኔም እንጨቱ ላይ ያረፈውን ጣቱን እያየሁ፣ ይህ ሰው መቼም ቢሆን ጥሎኝ አይሄድም ብዬ አምን ነበር። አምኜ ተኛሁ ነው የሚባለው።

*

ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው እህቱ ወደ ሥራ ቤቴ መጡ። እናታቸው ስትሞት እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ «እትዬ» ይላቸዋል። ያቀረብኩላቸውን ወንበር በመሐረባቸው ጠርገው ተቀመጡ።

«ልጅት፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» ብለው ጀመሩ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው በምን እንደሚጨርስ አውቃለሁ።

«ወንድሜ ስም አለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደ ነጭ ሸሚዝ ጠብቄለታለሁ። አሁን ከሬሳ ሣጥን ሠሪ ልጅ ጋር እየተነሳ ነው። እሱ ደግ ነው፤ ፊት ለፊት ሊነግርሽ አይችልም። ያፍርብሻል፣ ልጄ። ራስሽ ራቂለት።»

«እሱ ነው የላከዎት?»

«በሆዱ ያለውን ለማወቅ መላክ አያስፈልገኝም።»

በሩን ከፍቼ ሸኘኋቸውና የጀመርኩትን ሥራ ቀጠልኩ፤ አራቱንም ማዕዘን አበላሸሁ። በሁለተኛው ቀን ያ እጅ ለድምፀ ተአቅቦ ሲነሳ፣ የእትዬ ቃል በማኅተም የጸደቀ መሰለኝ። ያፍርብኛል። እኔ ያለሁበትን ቤት ለማዳን እጁን ቢያነሳ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው አልኩ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ደረጃው ሥር ደረሰብኝ። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነበር።

«አንቺ፣ ቆይኝ። ላስረዳሽ...»

«ምኑን? ኮትዎን ሰቅለው ሄደዋል፣ የተከበሩ።»

አሥራ አራቱም ሠዓሊዎች ሰሙ። ጋዜጠኞቹ ሰሙ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የእኔ ደግሞ ወለምታም አልነበረም፣ አስቤበት ነው የተናገርኩት። ሲጎዳ ባይ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላስደሰተኝም።

በማግስቱ ደብዳቤ ላከ። ወፍራም ነበር፤ በእጁ ጽሑፍ፣ ፊቱ ላይ «ለአናጢዋ» ይላል። መክፈት ማለት ይቅር ማለት ነው ብዬ እንደታሸገ መለስኩለት። ፖስታውን ሙሉ ቀን በደረቴ ይዤው መዋሌን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

*

ቤታችን በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈረሰ። ሠዓሊዎቹ ሸራቸውን ጠቅልለው ወደየዘመዳቸው ቤት ተበተኑ። እኔ ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራየሁ፤ ቀኑን ሙሉ የጎማ ሽታና የንፋስ መሙያ ጩኸት ነው። ሐሙስ ሲመጣ ረጅም እንጨት አልቆርጥም። ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ስለሌለኝ ነው ለማለት ኩራቴ አልፈቀደም፤ ትዕዛዝ የለም እል ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ መጣች። የቆየን ወዳጆች ነን። ምክር ቤቱ አንድ ልማድ አለው፤ የሚሰናበት አባል ከቃለ ጉባኤው መዝገብ አንድ ገጽ ይመርጣል፣ የገጹ ቅጂ ፍሬም ተደርጎለት ይሸኝበታል። ሁሉም የሚመርጡት ሕግ ያጸደቁበትን ወይም የተጨበጨበላቸውን ቀን ነው። ፍሬሙን የምሠራው እኔ ነኝ።

«እሜቴ መጋዝ፣ ሥራ አምጥቼልሻለሁ» አለችና ፖስታ ዘረጋችልኝ። ዓይኔን ግን አላየችኝም። «ባለግድግዳው ለቋል።»

«መልካም ዕረፍት በይልኝ» አልኩና ገጹን አወጣሁ። የግድግዳው ሕግ ያለፈበት ቀን ይሆናል ብዬ ነበር። ቀኑን ሳየው ደሜ ፈላ። የእኛ ቤት እንዲፈርስ የተወሰነበት ቀን ነበር። «ይደግፋሉ 33፣ ይቃወማሉ 33፣ ድምፀ ተአቅቦ 1» ይላል።

«ይህን መረጠ? በእኔ እጅ እንዲሠራለት? ሊያላግጥብኝ ነው?»

«ከሥሩ አባሪ አለው። ሁለቱም በአንድ መስታወት ይሁኑ ብሏል። አንብቢው።»

አባሪው በአዳራሽ የማይነበብ፣ ከድምፅ በፊት እያንዳንዱ አባል ፈርሞ የሚያስረክበው ወረቀት ነው። በታይፕ እንዲህ ይላል፤ «ከጉዳዩ ተጠቃሚዎች መካከል ከማንም ጋር የጋብቻ፣ የሥጋ ዝምድና ወይም የእጮኝነት ግንኙነት የለኝም።» ያንን ዓረፍተ ነገር በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ሰርዞታል። ከታች በማውቀው የእጅ ጽሑፍ፤

«አለኝ። በምድር ቤት የምትሠራው ፍሬም ሠሪ እጮኛዬ ናት። ስለዚህ ድምፅ ልሰጥ አይገባኝም።»

እጮኛዬ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። «ማን ጠየቀኝ?» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሰውየው አብዷል እንዴ? ለምክር ቤት አሳውቆ ለእኔ ሳይነግር! በቃለ ጉባኤ ይታጫል?» እየሳቅሁ በእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ አልኩ።

ቃለ ጉባኤ ያዧም አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «ያን ጠዋት ፊቱ ቆሜ ነበር። ቤቱን የሚያፈርሰው የሰብሳቢው የአክስቱ ልጅ ነው፤ ሰብሳቢው ዓይኑን ሳያሽ ፈርሟል። እኔ ራሴ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ 'ይፈርሙ እንጂ፣ ማን ያጣራል? ቤቱን ያድኑት' አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? 'ይህን ከፈረምኩ፣ ለእኔ ምንም አይደለችም ብዬ መፈረሜ ነው። እሱን አልችልም' አለኝ።»

ከዚህ በኋላ ያለቀስኩትን ለቅሶ አልጽፈውም። ለአባቴ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

*

በሩን የከፈቱልኝ እትዬ ናቸው። በስድስት ሳምንት ውስጥ አሥር ዓመት አርጅተዋል። ይመልሱኛል ብዬ ምላሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን እጄን ያዙ።

«ዋሽቼሻለሁ» አሉኝ። «አላፈረብሽም። አንድ ቀን አፍሮብሽ አያውቅም። እኔ ነኝ ያፈርኩት። አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖብኛል።»

«ምን ማለትዎ ነው? ጅቡ የት ሄደ?»

«ግቢና እዪው።»

ሳሎኑ ባዶ ነበር። ስዕሎቹን በሙሉ ለጤና ጣቢያው፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለአውቶቡስ ተራው ሰጥቷቸዋል፤ ግድግዳው ላይ የቀረው የፍሬሞቹ ነጭ አሻራ ነው። እሱ መስኮቱ አጠገብ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ከስቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሲያየኝ ለመነሳት ሞከረና ወንበሩ ላይ መልሶ ተቀመጠ።

«ፍሬሙን ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ።

«አልሠራሁትም።»

«ሌላ ሰው ይሠራዋል። ግድ የለም።»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

ሁለታችንም ደነገጥን። በአራት ዓመት ውስጥ «አንተ» ብዬው አላውቅም። ቃሉን መልሼ ልውጠው አስቤ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን ተውኩት። እንደዚያ እንድለው ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር።

«ጠይቄሽ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «በደብዳቤው። ሦስት ገጽ ሙሉ አስረድቼ በአራተኛው ጠየቅኩሽ። እንደታሸገ ሲመለስልኝ መልሱን አገኘሁ ብዬ አመንኩ።»

«ከዚያ በፊትስ? አራት ዓመት ሙሉ እንጨት ስትይዝልኝ? ለምክር ቤት ከመጻፍህ በፊት?»

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ምክር ቤት እምቢ አይልም፣ ይመዘግባል እንጂ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የሥራ ልማድ ነው። ያልተመዘገበ ነገር የተባለ አይመስለኝም። ወረቀቱ ደግሞ ያን ጠዋት ድንገት ፊቴ ተቀመጠ፤ አለ ወይስ የለም ነው የሚለው። መሃል የለውም። ያን ዕለት ማምሻውን ልነግርሽ ነበር።»

«ብትፈርም ኖሮ አሥራ አራት ሰው ቤት ይኖረው ነበር።»

«አውቃለሁ። ሁልጊዜ አስበዋለሁ። ጥፋት ነው ብትይኝ አልከራከርሽም። ግን እንደሌለሽ አድርጌ መፈረም እጄ እምቢ አለኝ።»

ለተበተኑት ሠዓሊዎች ሆዴ ይቃጠል ነበር፤ እዚያው ላይ ደግሞ፣ ያን ያህል ተወድጄ አላውቅም። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ መጡብኝና የቱን አስቀድሜ ልዘን አልኩ።

ከኋላዬ እትዬ ተናገሩ። «ሁሉንም ንገራት። የሐኪሙንም።»

«እትዬ፣ ተይ።»

«አልተውም! መተዌ ነው እዚህ ያደረሰን።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልቡ ቀዶ ጥገና ያስፈልገው ነበር። ቀጠሮው ድምፅ በተሰጠ በሳምንቱ ሰኞ ነበር። ደብዳቤው ሲመለስለት 'ለማን ብዬ?' ብሎ ቀረ። አሁን ሄዶ ነበር። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል፣ ቢላዋ አይችልም አለ።»

ክፍሉ ውስጥ ወንበር ነበር፤ እኔ ግን ወለሉ ላይ፣ እግሩ ሥር ነው የተቀመጥኩት። ሰኞን አስታወስኩት። ሰኞ እኔ በኩራት ጠርዝ እየላግሁ ነበር፤ አንዲት ፖስታ ብከፍት ኖሮ እሱ ሐኪም ቤት ነበር።

«የአንቺ ጥፋት አይደለም» አለኝ። ሐሳቤን እንደ ታይፕ ጽሑፍ ያነበዋል።

«ዝም በል።»

«እኔ ነኝ ያልሄድኩት። ትልቅ ሰው ነኝ፤ ቀጠሮዬን ራሴ ነው ያፈረስኩት።»

«ዝም በል አልኩህ!» ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ ጮህኩ። እጁ ፀጉሬ ላይ አረፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ቀዝቃዛና ቀላል ነበር፤ ያ ረጅሙን እንጨት ሳያወዛውዝ የሚይዝ እጅ እንዲህ ይቀላል ብዬ አስቤ አላውቅም። እትዬ ፊታቸውን በመሐረባቸው ሸፍነው ወጡ፣ በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት።

ከዚያ ቀና ብዬ አየሁትና፣ «ጠይቀኝ» አልኩት።

«አሁን? አሁንማ አይሆንም። የሚሄድ ሰው አያጭም። ነውር ነው።»

«ቃለ ጉባኤ አይፋቅም። አጭተሃል፣ ፈርመሃል፣ ማኅተም አርፎበታል። የቀረው እኔን መጠየቅ ነው።»

«ስንት ጊዜ እንዳለኝ እንኳ...»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

አየኝ። የዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ቀና ብሎ ያየኝ ዓይን ነበር፤ አሁን ግን ትርጉሙን አልሳትኩም። ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ንግግር ሊያደርግ እንደሚነሳ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ግን ንግግር አላደረገም።

«ታገቢኛለሽ?» አለኝ ብቻ።

ከመስኮቱ ውጭ ከሰዓት በኋላው ጠቁሮ ዝናብ ጀምሯል። እትዬ ከበሩ ማዶ ድምፃቸውን ውጠው ሲያለቅሱ ይሰማኛል። ብዙ ነገር ልናገር ፈልጌ ነበር፤ ስለ ፖስታው፣ ስለ ሰኞ፣ ስላጠፋናቸው ስድስት ሳምንታት።

«እሺ» አልኩት። አራት ዓመት ያዘጋጀሁት ቃል ነበር። ሲወጣ እንደዚያ ይከብዳል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።